በቅባት የገባ

ስለ ቅባት ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈቅድም። ደሴ ሙጋድ ላይ ሽቶና ዘይት ስሸጥ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከእኔ በፊት አባቴ፣ ከአባቴ በፊት ደግሞ ከየመን ባሕር ተሻግሮ የመጣው አያቴ እዚያው ቁጭ ብለው ሸጠዋል። ዑድ፣ ሰንደል፣ ሚስክ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፤ የትኛው ንጹሕ፣ የትኛው የተቀላቀለ እንደሆነ ክዳኑን ብቻ አሽትቼ እነግራችኋለሁ። ደንበኛ መጥቶ «ዑዘይር፣ ይኼ ንጹሕ ነው?» ካለኝ እንደ ስድብ ነው የምቆጥረው። ይህን የምናገረው ጉራ ለመንዛት አይደለም። የሠራሁትን ስትሰሙ ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ልጄ አፍናን ይህን ሁሉ እየሰማች ነው ያደገችው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን በዘጠኝ ዓመታችን የመጣች አንድ ልጃችን ናት። ውሃ ሽታን እንደማይዝ፣ ዘይት ግን ይዞ ከቆዳ ጋር እያስማማ ቀስ ብሎ እንደሚያስገባው ገና ሳትማር ታውቅ ነበር። ፋርማሲ ተማረች፤ ተመርቃም ኮምቦልቻ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ዓርብ ዓርብ በሚኒባስ ወደ ደሴ ትወጣለች፤ ከእናቷ ጋር ተቃቅፈው ሲንሾካሾኩ ይውላሉ፤ እኔ ከገባሁ ዝም ይላሉ። እቀናባቸው ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

በ2014 የካቲት ላይ የኮሮና ክትባት ዘመቻ መጣ። ከተማው ከጦርነቱ ገና ራሱን አልሰበሰበም፤ እኔም ከሱቄ የተሰባበረ ጠርሙስ ጠርጌ አልጨረስኩም። ሰው ክትባቱን ይፈራል። እኔም ፈራሁ፤ ለራሴ ሳይሆን ለባለቤቴ ለመሪየም። አንድ ዓርብ ምሳ ላይ አፍናን ሳቅ ብላ፦

«አባባ፣ ይኼኛው ክትባት እኮ የእርስዎ ሥራ ነው» አለችኝ።

«የኔ? እንዴት ሆኖ?»

«ውስጡ ያለው መልእክት ነው፤ ለሰውነታችን ‹ይኼን በሽታ እወቀው› የሚል። ብቻውን ከገባ ሰውነት ወዲያው ቆራርጦ ይጥለዋል። ስለዚህ በዓይን በማይታይ የስብ ጠብታ ጠቅልለው ይሰዱታል። ስቡ ከሰውነታችን ጋር ይስማማል፤ መልእክቱን ይዞ ያስገባዋል።»

ወላሂ፣ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ። የዓለም ሊቃውንት ዞረው ዞረው አያቴ ወደሚያውቀው ነገር መጡ ማለት ነው! ሳምንቱን ሙሉ ሱቄ ለገባ ሁሉ ይህንኑ ስሰብክ ሰነበትኩ። መሪየምንም «ሂጂ ተከተቢ፣ እሱ እኮ የኛው ሥራ ነው» አልኳት። ስትወጋ አፍናን እጇን ይዛላት ነበር።

በሳምንቱ ክንዷ መርፌው በገባበት ቦታ ቀላና አሳከካት። አፍናንን በስልክ ጠየቅናት። «የታወቀ ነገር ነው፣ በራሱ ይጠፋል» አለች፤ ጠፋም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን መሪየም ግንባሬን አለች። በግራ በኩል ብቻ። ራስ ምታት ነው ብለን ሻሽ አሰርንላት። በማግሥቱ ከግንባሯ እስከ ግራ ዓይኗ ቆብ፣ ከዚያም እስከ አፍንጫዋ ጫፍ ድረስ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት። መስመር የተሰመረበት ይመስል ወደ ቀኝ አንዲትም አላለፈችም።

ጎረቤታችን እትዬ አትጠገብ ከበር ላይ ሆነው አዩአትና አማተቡ።

«በስመ አብ! አልማዝ ባለጭራ ናት። ዑዘይር፣ ዋ! መርፌ እንዳታስነካት። ከውጭ የመጣ ሰውም አይያት፤ ሽታ ይዞ ይገባና ያብስባታል።»

ይህን በሰፈራችን እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። እኔ ግን የራሴን ጨመርኩበት። ሽፍታውን ያመጣው ክትባቱ ነው አልኩ። ክትባቱ የገባው በቅባት ነው፤ በቅባት የገባ ነገር ደግሞ የሚወጣው በቅባት ነው። እንዲህ አድርጌ ቋጠርኩት። ከመላው ደሴ እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው ከእኔ በቀር አይገኝም፤ እኔ ግን በጣም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ከዘረፋ የተረፈችኝን ምርጥ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አወጣሁ። ከርቤ ፈጭቼ ጨመርኩበት። ውዱእ አድርጌ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ በጥጥ ግንባሯን፣ የዓይኗን ቆብ፣ አፍንጫዋን ቀባኋት። «ቀዘቀዘኝ» አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። ያቺ ቃል ናት ያሳበደችኝ። ሁለት ቀን ስታቃስት የኖረች ሴት በእጄ ስታርፍ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይምከረኝ?

ያኔ አፍናን ደወለች። መሪየም ብርሃን ዓይኗን ስለሚወጋት ስልኳን ዘግቼ ከእኔ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ስለዚህ የደወለችው በእኔ ነው።

«መርፌሽ እናትሽን አቃጠላት» አልኳት፣ ሰላምታዋን እንኳ ሳልመልስ።

የሆነውን ነገርኳት። «አባባ፣ ሽፍታው አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«እንግዲያው ዓይኗ ነው አደጋ ላይ ያለው። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት፣ በአላህ!»

ዘጋሁባት። በማግሥቱ፣ ሽፍታው በወጣ በሁለተኛው ቀን፣ ከሥራዋ አስፈቅዳ መጥታ በራችንን አንኳኳች። ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ገጠም አደረግሁት።

«አሳዩኝ፣ አንዴ ብቻ ልያት።»

«ከውጭ ነው የመጣሽው፤ ሽታ ይዘሻል።»

ይህን የሚላት ቀኑን ሙሉ ዑድ ሲቀዳ የዋለ ሰው ነው። ኮቴ ራሱ ከመንገድ ማዶ ይሸታል። እሷ ይህን ልትለኝ ትችል ነበር፤ አላለችኝም። አባቷ ነኝ፤ አታዋርደኝም። እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ከቦርሳዋ አንድ እሽግ አወጣች።

«ኪኒን ነው። በቀን አምስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን። ከሦስት ቀን ካለፈ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዛሬ ያስጀምሯት። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ይውሰዷት፤ እዚያ ቆዳም ዓይንም ያያሉ። ይምሉልኝ።»

«እሺ አልኩሽ።»

እሽጉን ከኮቴ የውስጥ ኪስ ከተትኩት። ያን ሰዓት ዋሽቻት ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ዘይቱ እምቢ ካለ እሰጣታለሁ ብዬ ያሰብኩ ይመስለኛል። ግን ዘይቱ እምቢ እንዲል አልፈለግሁም። ልጄ ትክክል ሆና እኔ ስሕተት ሆኜ እንድገኝ አልፈለግሁም። ይኼው ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

ስገባ መሪየም ነቅታለች።

«ማን ነው?»

«ቆራሌው ነው።»

«አፍናን አልደወለችም?»

«አልደወለችም።»

«ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አለች።

በሦስተኛው ቀንም ጠየቀችኝ፤ በአራተኛውም። ሁለቱንም ጊዜ አልደወለችም አልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ለልጇ ምክንያት ፈለገችላት። መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል፤ እሷም አሟት ይሆናል፣ አብሽር፣ ትመጣለች አለችኝ። እኔን ታጽናናኛለች እኮ! በአምስተኛው ቀን አልጠየቀችም። ማታ ማታ ደግሞ አፍናን ትደውላለች። «ኪኒኑን ትወስዳለች?» ትወስዳለች። «ሐኪም አያት?» አያት። «ላነጋግራት?» ተኝታለች። «ዓርብ ልምጣ?» እስክትድን ቆዪ። ውሸት ከጀመሩት በኋላ እንደዚህ የሚቀል ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጥጡን ይዤ ስቀርብ መሪየም እጄን ያዘችው። ዓይኗ አብጦ መግል ይዟል። በጣቷ ቆቡን ገለጥ አደረገችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ዑዘይር» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «በግራ ዓይኔ መስኮቱ የለም።»

ዘይቱን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ታክሲ ተኮናትሬ ቦሩ ሜዳ እስክንደርስ ድረስ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራሁ። ሐኪሟ ዶክተር ነፃነት ትባላለች። የመሪየምን ፊት በብርሃን እያየች፣ ዘይቱን ከቁስሉ በፋሻ ጨርቅ እያነሳች፦ «ምንድን ነው የቀባችኋት?» አለች። ነገርኳት። ዘይቱ ንጹሕ መሆኑን ሳይቀር ነገርኳት፤ ያን ሰዓት እንኳ! እሷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከክትባቱ ነው አይደል?» አልኳት። እንድትለኝ እየለመንኳት ነበር።

«ክትባቱ ቀስቅሶት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በእርግጠኝነት የሚነግርዎት ሰው የለም። ቫይረሱ ግን ከክትባቱ አልመጣም።» ወደ መሪየም ጎንበስ አለች። «በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል?»

«በስድስት ዓመቴ» አለች መሪየም፣ «ቢስቲማ እያለን።»

«ያው እሱ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነርቭዎ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ ነው አሁን የተነሳው።»

እንግዲህ በቅባት የገባ ነገር አልነበረም። እኔ ሳላውቃት በፊት፣ አፍናን ሳትወለድ በፊት ውስጧ ነበር። ልጄን በር ላይ ያስቀረሁበት ጥፋት የማንም ጥፋት አልነበረም።

«ኪኒን ጀምረውላት ነበር?» አለችኝ ሐኪሟ።

«አልጀመረችም።»

«በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ቢሆን ዓይኗን የማትረፍ ዕድላችን ሰፊ ነበር» አለችና መጻፍ ቀጠለች። እሽጉ ደረቴ ላይ ነበር። በተነፈስኩ ቁጥር ይቆረቁረኛል።

ከዚያ ወዲያ የሚቻለው ሁሉ ተደረገላት። ሆስፒታል በገባን በሦስተኛው ቀን ዓይኑ እንደማይመለስ ነገሩን። ቀኙ ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ወጥቼ ለአፍናን ደወልኩ፤ ቦሩ ሜዳ ነን፣ የእናትሽ ግራ ዓይን አይመለስም ተብሏል፣ ነይ አልኳት።

የመድኃኒት ቤት ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ከኮምቦልቻ መጣች። አልጋው ሥር ተንበረከከችና የእናቷን እጅ ያዘች። መሪየም እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አሁን መጣሽ?» አለቻት።

መሪየም በሰው ላይ ፊቷን ስታዞር አይቼ አላውቅም። ሱቃችን የተዘረፈ ቀን እንኳ የዘረፉትን አልረገመችም። አፍናን ግን አልገባትም፤ ሌላ ነው የመሰላት።

«አፉ በይኝ እማ። እኔ ነኝ ያስከተብኩሽ። ኪኒኑም አልሠራልሽም፤ ሌላ መፈለግ ነበረብኝ፣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ...» እያለች ታለቅሳለች።

«የምን ኪኒን?»

ሁለቱም ጥፋተኛ ሆነው እኔ መሐል ላይ ንጹሕ ሆኜ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ባልናገር እንደዚሁ ሆኖ ይቀር ነበር፤ አፍናን ኪኒኑ አልሠራም ብላ፣ መሪየም ረስታው ይሆናል ተብላ፣ ነገሩ ተድበስብሶ ይቀር ነበር። መውጫዬን አይቼዋለሁ፤ አላየሁትም አልልም። ግን ልጄ ያልሠራችውን ይቅር በይኝ ስትል መስማት አልቻልኩም። እጄን ኮቴ ውስጥ ከትቼ እሽጉን አወጣሁና በመሪየም መዳፍ ላይ አኖርኩት።

ከፈተችው። የኪኒኖቹን ጉብታ በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ እየዳሰሰች ሄደች፤ አንዱን ንጣፍ ጨርሳ ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን። ሠላሳ አምስቱም አሉ። ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ተስቢሕ እንደምታደርግ።

«መቼ ነው ያመጣችው?»

«በሁለተኛው ቀን።»

«ቆራሌው ነው ያልከኝ ቀን?»

«አዎ» አልኳት።

አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እሽጉን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች።

«ነይ ልጄ» አለች። «በዚህ በኩል ዙሪ፤ በዚያ በኩል አላይሽም።»

አፍናን አልጋውን ዞራ ሄደች። እናቷ አገጯን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

ይህ ከሆነ ዓመታት አለፉ። መሪየም አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ ልብሴን ታጥባለች፣ ሲያመኝ ታስታምመኛለች፣ ሰው ሲጠይቃት የአላህ ውሳኔ ነው ትላለች። ዓርብ ዓርብ አፍናን ትመጣለች፣ ምሳ ቀርቦ ሦስታችንም እንቀመጣለን። ልጇን በቀኟ ታደርጋለች። ለእኔ በግራዋ በኩል ቦታ ትለቅልኛለች።