ሰው የሌለበት መንገድ

ልብስ ሰፊዋ አባቷ የሳሉትን ሥዕል ከልጅነቷ ጀምሮ አትወደውም ነበር። ሜዳ፣ አንድ ጎበጥ ያለ ዛፍ፣ ደብዘዝ ያለ ሰማይና ሰው የሌለበት መንገድ። አባቷ ዝምተኛ ነበሩ፤ ካረፉ ወዲህ ደግሞ ሥዕሉን ባየች ቁጥር፣ ሆዳቸውን ለማንም ሳይገልጡ በብቸኝነት የኖሩ እየመሰላት ፊቷን ታዞራለች።

ፍሬሙን ምስጥ በልቶት ኖሮ፣ አንድ ቀን ከእናቷ ጋር ሆና ወደ ፍሬም ሠሪው ወሰደችው። ፍሬም ሠሪው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ያንኑ እርሳስ ሲፈልግ የሚውል ሰው ነው። ሥዕሉን ግድግዳ አስደግፎ ራቅ አለና፣

«ጎህ ሲቀድ ነው ወይስ ሲመሽ?» አለ። «ለምሽት ጥቁር እንጨት፣ ለማለዳ ፈካ ያለ ነው የሚሄድለት።»

«ሲመሽ ነው» አለች ልጅቱ ፈጠን ብላ። «ዛፉን አያዩትም አንገቱን ሲደፋ? መንገዱም ጭር ብሏል። የሚጠብቀው የቀረበት ሰው ነው የሳለው።»

«እውነትም ሆድ ያባባል» አለ ፍሬም ሠሪው ጥቁር እንጨት እያነሣ።

እናት በርጩማው ላይ አረፍ እንዳሉ ሁለቱን በየተራ አይተው ፈገግ አሉ። «ጠዋት ነው፣ ልጄ። እዚያው ነበርኩ።»

«የት?»

«የጨረሰው ዕለት ከጀርባው ቆሜ። ሳንጋባ በፊት እናቴ ታማ ሁለት ወር ርቄ ቆየሁ። መምጫዬን ስላላወቀ በየማለዳው እየወጣ ያንን መንገድ ይስላል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ እኔን በትንሹ ጣል አድርጎኛል። የደረስኩ ዕለት ቀለም በነካው እጁ ጨበጠኝና፣ ‹እንግዲህ እዚህ ካለሽ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?› ብሎ በአፈር ቀለም አጠፋኝ።»

ልጅቱ ጎንበስ ብላ የመንገዱ ጫፍ ላይ ዓይኗን ተከለች። ፍሬም ሠሪው አምፖሉን በጎን አስጠጋላት። እውነትም አንዲት የስንዴ ፍሬ የምታህል ቦታ ላይ ቀለሙ ወፈር ብሎ ተደርቧል። በጣቷ ልትነካው ብላ ተወችው።

«ዛፉስ ታዲያ?» አለች፣ በቀላሉ እጅ ላለመስጠት።

«ዛፉማ ሲፈጥረውም ጎባጣ ነው። አባትሽ ያየውን ነው የሚስለው።»

ፍሬም ሠሪው እየሳቀ ጥቁሩን እንጨት መለሰና ፈካ ያለውን አወጣ።

ሥዕሉ ከተሰቀለ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ከሥራ ስትወጣ እናቷ ቤት ጎራ ማለት አበዛች። አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ለኔ ስጪኝ» አለች።

«እኔ እያለሁማ አይሆንም» አሉ እናት። «ማየት አልከለከልኩሽም፤ ወንበሩን ሳቢና ተቀመጪ።»

ሳበችና ተቀመጠች።