ለልጅ ሰርግ ፈቃድ የለም

የሁመድ ሚስት ኢክላስን ስትወልድ ሞተች። ልጅቷን ወሎ፣ ወረባቦ ያሳደገለት ታላቅ ወንድሙ አብዱልመናን ነው። ሁመድ አዲስ አበባ፣ ጌጃ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ አብነት አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት ወረቀት እየቆረጠ ይኖራል። ኢክላስ ስምንተኛን ስትጨርስ ሊያመጣት፣ ልደታ አካባቢ ትምህርት ቤት ሊያስገባት ቃል ገብቶላት ነበር። ክፍሏን በመጋረጃ ከፍሎ የእሷን ጎን ቀለም ሳይቀር ቀብቷል።

ክረምቱ ሚሌኒየሙ ሊገባ ሲል የነበረው ክረምት ነው። አገር ሁሉ ፖስተርና የቀን መቁጠሪያ ያሳትማል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አቶ ሰላሁን የሁመድን የአምና የዓመት ፈቃድ ሥራ በዝቷል ብለው ወደ ዘንድሮ አሸጋግረውበታል፤ ሕጉም ይፈቅድላቸዋል። መቁረጫ ማሽኑን የሚችሉት እሱና ጓደኛው ነገሪ ብቻ ስለሆኑ ሁለቱ አንድ ላይ መውጣት አይችሉም። ነሐሴ የሁመድ ተራ ነበር፣ መስከረም የነገሪ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነገሪ ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሚስቱ ኪያ ደም እየፈሰሳት ሆስፒታል ተኝታለች። ሳትወልድ አትወጣም ተብሏል።

«የወሊድ ፈቃድ ለእናት እንጂ ለአባት የለም አሉኝ» አለ። «ከዓመት ፈቃድህ ውሰድ ነው የሚሉት። ነሐሴ ደግሞ ያንተ ነው። እሷ ሌላ አስታማሚ የላትም።»

ሁመድ ታይፎይድ ጥሎት በከረመ ጊዜ ሾርባ ስታመላልስለት የነበረችው ኪያ ናት። ነገሪ የሁመድ ሚስት በምን እንደሞተች ያውቃል፤ ያንን ግን አላነሳበትም።

«ውሰደው» አለው ሁመድ። «ኢክላስ የትም አትሄድብኝም። ከበዓሉ በኋላ አመጣታለሁ።»

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሰኞ ቀን፣ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ስልክ ተጠርተሃል ብለው አስጠሩት። ኢክላስ ናት፤ ከወረባቦዋ ከተማ ከቢስቲማ፣ ከአንድ ሱቅ የምትደውል።

«አባ፣ ሊድሩኝ ነው። ለእሁድ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «አጎቴ፣ ‹አባቷ መጥቶ ከወሰዳት እተወዋለሁ፣ በስልክ ግን ለሰው የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም› አለ።»

«እመጣለሁ።»

«ወላሂ በለኝ።»

«ወላሂ» አላት።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ የሰሙትን ሰምተዋል። ሳይጠይቃቸው የሠራተኛ አዋጁን ከመሳቢያ አውጥተው ገለጡ።

«የራስህ ጋብቻ ቢሆን ሦስት የሥራ ቀን ነበረህ። ሰው ቢሞትብህም እንደዚያው። የልጅ ሰርግ ግን አልተጻፈም።» ገጹን በጣታቸው ተከተሉ። «ለከባድ ችግር ያለ ደመወዝ እስከ አምስት ቀን የሚል አለ። እሱን ጠይቃቸው።»

አቶ ሰላሁን ከመኪና የሚወርድ ወረቀት ያስቆጥሩ ነበር። ሰምተው ግራ ተጋቡ።

«ሰርግ ደስታ አይደለም እንዴ? ምኑ ነው ከባድ ችግር?»

«ልጅ ናት ጋሼ። ትምህርቷን ሊያስጥሏት ነው።»

ሰውየው ቆጠራውን አስቆሙ። «ነገሪን አነጋግረው። ፈቃዱን አቋርጦ ከገባ ዛሬውኑ ሂድ፣ ለእኔ ያው ነው። እሱ ሳይገባ ከሄድክ ግን ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው። የተዋዋልኩት የበዓል ሥራ ነው።»

ሁመድ ከሥራ እንደወጣ ታክሲ ይዞ ሆስፒታል ሄደ። መንገዱን ሁሉ የሚለውን ሲያዘጋጅ ነበር፤ ሌላ አስታማሚ እንፈልግ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ ልጄን ላድናት። ክፍሉ ሲገባ ነገሪ በሳፋ ውሃ ይዞ የኪያን እግር ያጥባል። ከትናንት ወዲያ ወልዳለች። ሕፃኑ ማሞቂያ ክፍል ነው፤ እናትየው ከንፈሯ ነጥቷል።

«ሁመድ» አለች ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ነገሪን የሰጠኸኝ እኮ አንተ ነህ።»

ያዘጋጀውን ሁሉ ተወው። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ጥቂት ተቀምጦ ተነሣ። ነገሪ እስከ በሩ ሸኘው።

«ፊትህ ልክ አይደለም። ምን ሆነሃል?»

«ሥራው ነው» አለ ሁመድ። «ታውቀው የለ።»

በሳምንቱ ውስጥ ስንቴ ሥራውን ጥሎ ሊሄድ ተነሣ። ተመልሶም ያስባል፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል፤ ታዲያ ኢክላስን ወዴት ነው የሚያመጣት? ወንድሙን በዚያው ሱቅ ስልክ አስጠርቶ አነጋገረው። አብዱልመናን ቃሉ ያው ነበር። «አባት ነህ፣ ና፤ በስልክ ልጅ አይወሰድም።» ቅዳሜ ሲመሽ ሁመድ አሁን ቢነሣም እንደማይደርስ ገባው። እሁድ በትርፍ ሰዓት ገብቶ ቀኑን ሙሉ የእንኳን አደረሳችሁ ፖስተር ሲቆርጥ ዋለ። ስልኩ ዳግመኛ ለእሱ አልጠራም።

በመስከረም ፈቃዱን ሰጡት። ኢክላስን ያገኛት ባሏ ቤት ነው። ውሃ አቀረበችለት፣ እጁን ሳመች፣ ፈንጠር ብላ ተቀመጠች። ሂናው ከእጇ ገና አልለቀቀም።

«ሂናውን ሲቀቡኝ እንኳ መንገድ መንገዱን ነበር የማየው» አለች።

«ፈቃድ ከለከሉኝ፣ ልጄ።»

«እኔን ለመውሰድ ማንን ነው የምታስፈቅደው?»

በቁጣ አልነበረም፤ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው። ሁመድ ስለ ተራው፣ ስለ ነገሪ፣ ስለ ኪያ መናገር ጀመረና መሀል ላይ አቆመ። ለራሱም ሲሰማው ትርጉም የሌለው ሆነበት።

«አሁንም እንሂድ። ትምህርቱ ገና መጀመሩ ነው።»

«አሁንማ ባል አለኝ፣ አባ። እሱን ጠይቀው።»

ጠየቀው። ባልየው ለጋ ወጣት ነው፤ በአክብሮት ቆሞ አዳመጠና አይሆንም አለ።

ሁመድ ገና ብዙ ቀን እያለው አዲስ አበባ ተመልሶ ሥራ ገባ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ የቀረውን ፈቃድ ለከርሞ ላዙርልህ ወይ ሲሉት እንዳሻዎት አላቸው። ነገሪ ነገሩን የሰማው ከሳቸው ነው፤ ማሽኑ ድረስ መጣ።

«ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

ሁመድ ወረቀቱን አስተካክሎ ማሽኑን አስነሣ። ጠብ አልነበራቸውም፤ ሰላም ይባባላሉ፣ ሕፃኑም ደህና ነው ይባላል። ምሳ ግን ከዚያ ወዲህ አብረው አልበሉም።