የቡፌ ቀሚስ

የእህቴ ባል ራሱን ቆጣቢ ነኝ ይላል። ቆጣቢስ እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ብጣሽ ጨርቅ አልጥልም። እሱ ቆንቋና ነው። ፊት ለፊቱ በስሙ እንጠራዋለን፤ ዞር ሲል ግን «ግማሹ» ነው። ምግብ ቤት ገብቶ ለሦስት ሰው አንድ ሾርባ ያዝዛል፣ ከዚያ ትርፍ ሳህን ያስመጣል። ውሃ ከቤቱ በጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። አስተናጋጇ ዳቦው ነጻ ነው ብላ አፏ ካመለጣት አለቀላት፤ እግሯ እስኪቀጥን ታመላልሳለች። ሲወጣ በጉርሻ ፈንታ ይመርቃታል።

በወር አንድ እሁድ ግን ቡፌ ያበላናል። በሩ ላይ «ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች በግማሽ ዋጋ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያንን ወረቀት ካነበበበት ቀን ጀምሮ ሴት ልጁ አላደገችም። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ገንዘብ ተቀባዮቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየሩ የሚያስታውሳት የለም።

ለዚህ ሥራ ደግሞ ቀሚስ አላት። ኪሱ ላይ ጥንቸል የተጠለፈበት ቢጫ ቀሚስ፤ የእውነት አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ እኔው ነኝ የሰፋሁላት። ሲጠባት «እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ይልቀቁላት» እያለ ያመጣዋል። መጀመሪያ ጎኑን ለቀቅኩ፣ ቀጥሎ ጠርዙን ዘረጋሁ፣ አምና ብብቱ ሥር ብጣሽ ቀጠልኩበት። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። እህቴስ እናት አይደለችም ወይ የሚለኝ ይኖራል። እህቴ የእጅ ቦርሳዋን በላስቲክ አስገብራ የዶሮ ቅልጥም የምትደብቅ ሴት ናት። ገበሩንም የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ ቀሚሷን ልትለካ ሱቄ መጣች። ደረቷ ላይ አልዘጋ ብሎ ስፒል በአፌ ይዤ ስታገል፣

«አክስቴ» አለችኝ፣ «ነገ እኮ አሥራ አራት ይሞላኛል።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ።»

«ስጦታ ምናምን አልፈልግም። ነገን ብቻ አሥራ አራት ልሁን። እኔ ብናገር ይቆጣኛል፤ አንቺን ግን ያከብርሻል። ዕድሜዬን ሲጠይቁ ንገሪያቸው።»

ስፒሉን ከአፌ አወጣሁና «እናቴን! እነግራቸዋለሁ» ብዬ ማልኩላት። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ።

የቡፌ እሁድ ጠዋት ቁርስ ክልክል ነው። እኔማ ከቅዳሜ ምሳ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። ግማሹ መንገድ ለመንገድ ይሰብከናል። «ቡፌ ላይ ሩዝ የሚያነሳ ሞኝ ነው። በዶሮ ጀምሩ፣ ዓሣ አስከትሉ። ውሃ እንዳትነኩ፤ ሆድ ይይዛል።» የሠርግ ቤት ድመት እንኳ እንዲህ አታስብም። እየሰማሁ ናቅኩት፣ እየናቅኩት ተከተልኩት።

ገንዘብ ተቀባይዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች አዲስ ሴት ነበረች።

«ሦስት አዋቂ፣ አንድ ልጅ» አላት።

ሴትየዋ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ልጅቷ በቁመት አባቷን ካለፈችው ቆይታለች።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አንድ» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ሴትየዋ እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «እህቴ፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ። እውነት አሥራ አንድ ናት?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ልመና አልነበረባትም፤ እርግጠኛ ነበረች። ከሴትየዋ ጀርባ አንዱ አስተናጋጅ የዶሮውን ክዳን ከፈተና ሽታው እስከ እኔ ድረስ መጣ። ሙሉ ዋጋ ከተባለ ግማሹ አንድ ሰው ሳያስቀር አስከትሎን ወደ ቤት እንደሚመለስ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ማንኪያ ከአፋችን አስጥሎ አስነስቶናል።

«አሥራ አንድ ናት» አልኩ። «ቁመቷ አታሎሽ ነው እንጂ ገና ልጅ ናት። በአባቷ ወጥታ ነው።»

ሴትየዋ አባቷን አየችው። ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። እሷ ግን ሳትስቅ ከመሳቢያዋ የልጆችን ቢጫ የወረቀት አምባር አወጣች። ልጅቷ ሳትጠየቅ እጇን ዘረጋችላት።

ወንበር እስክንይዝ ድረስ ምክንያት ስደረድር ነበር። የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ ልሁን? የእህቴን ባል በሰው ፊት ላዋርደው? ሁሉም ውሸት ነው። ርቦኝ ነበር። ለአንድ ሳህን ዶሮ ብዬ ነው ልጅቷን የሸጥኳት።

ግማሹ ሁለተኛውን ጭን እየጋጠ «እትዬ፣ ዛሬ ጎበዝ ነዎት!» ሲለኝ ልጅቷ ተነሥታ ሄደች። ሳህን ሞልታ ስትመለስ ለራሷ መስሎኝ ነበር። አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ሩዝ የለበትም፤ ዶሮና ዓሣ ብቻ ነው፣ ልክ አባቷ እንዳስተማራት።

«ብዪ አክስቴ» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለዚሁ አይደል የመጣሽው።»

አባቷን የምታይበትን ዓይን አውቀዋለሁ። በዚያው ዓይን አየችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጥርግ አድርጌ በላሁት።