ያልነቃው መሣሪያ

ቅዳሜ ከሰዓት ተስኒም አዲሱን እትም ለመዝጋት ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ወዳለችው ጠባብ ቢሯቸው ስትገባ ኃይለ ገብርኤል ቀድሟት ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ በየአገሩ ካሉ በጎ ፈቃደኞች ጋር ለትንንሽ መሣሪያዎች የሚሆን ከርነል ይሠራሉ፤ መሣሪያው ሲበራ ቀድሞ የሚነሳውንና ሌላውን ሁሉ የሚያዘውን ፕሮግራም ማለት ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። በየሦስት ወሩ አዲስ እትም ይወጣል፤ በዚህ ዙር ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቆይ የመወሰኑ ተራ የተስኒም ነበር።

የቀረው የኃይለ ገብርኤል ሥራ ብቻ ነው። መሣሪያው ሥራ ሲፈታ እንዲተኛ፣ ሲፈለግ እንዲነቃ የሚያደርግ ኮድ ነው፤ ባትሪ ይቆጥባል። ዓመት ለፍቶበታል። የጣና ጀልባዎች ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ የሚያስታውቁት መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ ከርነል ስለሆነ፣ ባትሪ ቶሎ የሚያልቅባቸው የደልጊና የቁንዝላ ጀልባ ነጂዎችም በጉጉት ይጠብቁታል። ተስኒም ግን ሰሞኑን ስትሞክረው መሣሪያው ከተኛ በኋላ አልፎ አልፎ ሳይነቃ ሲቀር አይታለች። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ አለችው። እሱ ያረጀው የምትሞክሪበት ዕቃ ነው እንጂ ኮዱ ምንም አልሆነም ብሎ ድርቅ አለ። የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ክርክር ሲሰማ ያደገ፤ ለጥያቄዋ ሁሉ መልስ አላጣም።

እነሱ ሲሟገቱ ነፋሱ ተነሳ። መስኮቱ ተንገጫገጨ፣ ሐይቁ ነጭ አረፋ ለበሰ። ታላቅ ወንድሟ መስዑድ ጠዋት ጨርቅ ጭኖ ወደ ቁንዝላ መሳፈሩ ትዝ አላትና የጀልባዎቹን ካርታ ከፈተች። የሌሎቹ ነጥብ ይንቀሳቀሳል። መስዑድ የተሳፈረበት ጀልባ ግን ከረፋዱ ወዲህ ያለበት አይታወቅም። ደወለችለት፤ ስልኩ አይሠራም።

ዞር ስትል የኃይለ ገብርኤል ፊት አመድ መስሏል።

«እዚያ ጀልባ መሣሪያ ላይ አዲሱን ኮድ ጫንሁት» አላት። «ትናንት። መሥራቱን ላሳይሽ ብዬ ነው። ለነጂው ነግሬዋለሁ፤ ላንቺ ግን አልነገርሁሽም።»

ወደ ወደቡ ሮጠች፤ እሱም ተከተላት። እዚያ ያገኟቸው ነጂዎች ትልቁን ጀልባ አስነስተው ለመውጣት አላመነቱም፤ የጠየቁት ወዴት እንሂድ ብለው ብቻ ነበር። በዘጌ በኩል ይሆን ወይስ የደቅን ደሴት አልፎ? ተስኒም የምታውቀው የረፋዱን ቦታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ወዴት እንደወሰዳቸው የሚናገረው መሣሪያ ተኝቷል። ከነጂዎቹ መካከል ሽማግሌው ውኃውን አይተው፣ ቦታው ሳይታወቅ በዚህ ማዕበል ሰው አልክም አሉ። ልክ ናቸው። ቆማ ከመጠበቅ በቀር የምታደርገው አልነበራትም። ኃይለ ገብርኤል አጠገቧ ቆሞ በስልኩ ደጋግሞ ካርታውን ያያል፤ ነጥቡ አይነቃነቅም።

ነፋሱ ሊበርድ ሲል ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት። መስዑድ ነበር። ማዕበሉ ሲበረታ ወደ ደቅ ሸሽተው መትረፋቸውን፣ ጨርቁ እንደራሰ፣ ስልኩም ውኃ እንደገባበት፣ ነፋሱ ሲቆም ወደ ባሕር ዳር እንደሚመለሱ ነገራት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አልሐምዱሊላህ ካለች በኋላ ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ ከፍ አድርጋ የጀልባው መሣሪያ መብራት እንዳለውና እንደሌለው ጠየቀችው።

«የለውም። ነጂው ቁልፉን ደጋግሞ ቢጫነውም አልነሳ አለ። ባትሪውን ግን ጠዋት ሞልቶት ነበር።»

ኃይለ ገብርኤል ሰማ። ቢሮ ሲመለሱ ተስኒም ሳትጠይቀው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ለበጎ ፈቃደኞቹ ጻፈ፦ ሥራው ለዚህ እትም አልደረሰም፣ ያለ ተስኒም ፈቃድ ሰው በተሳፈረበት ጀልባ ላይ የጫነውም እሱ ራሱ ነው። ከላከው በኋላ ለሚቀጥለው ዙር አስተካክሎት እንደሚያደርስ ነገራት።

«ለሚቀጥለውም አይገባም» አለችው። «መጀመሪያ ሌላ ሰው ይፈትነዋል፤ አንተ አይደለህም። ከዚያ ወዲያ ባለው ዙር እናየዋለን።»

ማን ይፈትነው ብሎ ብቻ ጠየቃት። ተስኒም ሌላ ቀን እንወስናለን ብላው፣ እትሙን ያለ እሱ ሥራ ዘግታ ወንድሟን ለመጠበቅ ወደ ወደቡ ወረደች።