በማርያም ዕለት የዞረች ብሎን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የመኪና መሪ እሠራለሁ የሚል ሁሉ ከእኔ ነው የተማረው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ አላውቅም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ነው።

ዘመኑ አሮጌ ፒክአፑን ይዞ ጋራዤ የመጣው በወሩ ሃያ አንድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ሚስቱ አደይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ገብታለች፤ ከቡሬ ወዲያ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ዳር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የልጁ አመጣጥ በእግሩ ነው፣ ሆስፒታል ውሰዷት ብላለች። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ መንገዱ ላይ መኪና አይንቀሳቀስም።

«ጋሼ ሐብቴ፣ መሪው እኮ እንደ ሰካራም ነው የሚያደርገው» አለኝ።

«ምጥ ጀምሯታል?»

«አልጀመራትም። ቀኗ ግን ደርሷል።»

ሞተሩን አስጠፋሁትና መሪውን ግራና ቀኝ እንዲወዘውዝ አድርጌ ከሥር ገብቼ ተኛሁ። መሪው ሩብ ዙር ሲዞር ጎማው ንቅንቅ አይልም። ጎማውን የሚገፋውን ዘንግ፣ ቲራንቲውን፣ በእጄ ያዝኩት። የቀኙ ጫፍ ኳስ ተበልቶ ከቤቱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ከባሕር ዳር ያስመጣሁት አዲስ ጫፍ መደርደሪያዬ ላይ ነበር። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ግን አሮጌው ያለ መዶሻ አይወጣም።

ሃያ አንድ ማርያም ናት። ኩላሊቴን ታምሜ የዳንኩ ጊዜ በእሷ ቀን መዶሻ ላላነሳ ተስያለሁ። ጋራዤም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ይዋሰናል፤ ማኅበርተኞቼ ከቅዳሴ እየወጡ ነበር። የፈራሁት ስለቴን ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው ሐብቴ፣ በማርያም ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ዋለ መባሉንም ፈርቻለሁ።

መላ የማላጣ ሰው ነኝና መላ አገኘሁ። የመሪው ሳጥን አናት ላይ አንዲት ብሎን አለች። እሷን ጠበቅ ሲያደርጓት መሪው ጭብጥ ይላል፤ የተበላው ኳስ ግን እንደተበላ ነው። ቁልፍ ማዞር በዓል መሻር አይደለም ብዬ ለራሴ ፈረድኩና አዞርኳት።

ዘመኑ መሪውን ነካ ነካ አድርጎ ፊቱ በራ። «ይባርክዎ ጋሼ! አዲስ ሆነ እኮ!»

«ነገ በጠዋት መኪናዋን መልሳት፣ የቀረ ሥራ አለ። ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት። ምን እንደቀረ አልነገርኩትም። ብነግረው አሁኑኑ ይሥሩልኝ ይለኛላ!

ዘመኑ ሁለት ወር ሙሉ መሪው ልል መሆኑን ስለሚያውቅ እየፈራ፣ እየተንፏቀቀ ነበር የሚነዳው። ያንን ፍርሃቱን የወሰድኩበት እኔ ነኝ። ከቡሬ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ኳሱ ወጣ፤ ጎማው ለብቻው ዞረ። በዓል አክብረው የዋሉ ገበሬዎች አስከሬኑን ከገደሉ አወጡት። መኪናው ይበር ነበር አሉ።

አደይን በማግስቱ በቃሬዛ ቡሬ አደረሷት። ወንድ ልጅ በቀዶ ጥገና ወለደች፤ ሁለቱም ተረፉ።

ክርስትናው ሁለት ቀን ሲቀረው እናቷ ቤት ሄድኩ። አደይ ጥቁር ለብሳለች። ገና ከመቀመጤ ልጁን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ጋሼ፣ ክርስትና ያንሱልኝ» አለችኝ። «ዘመኑ ከቡሬ ደውሎልኝ ነበር። ‹ጋሼ ሐብቴ በዓል ነው እንኳ ሳይሉ መሪውን ሠሩልኝ፣ እየበረርኩ እመጣልሻለሁ› አለኝ። ደስ ብሎት ነው የሞተው። ከእርስዎ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?»

እሺ ማለት ይቻል ነበር። ገደል የገባ መኪና አይናገር፣ እሷም ሌላ የምትጠይቀኝ የለ። ልጁ ጣቴን ጨብጦ ይዞኛል። እውነቴን ነው፣ እሺ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኪሴ ያልወጣውን አዲሱን የቲራንቲ ጫፍ ከነፕላስቲኩ አውጥቼ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው?»

«የዘመኑ መኪና ዕቃ ነው። ያን ዕለት እጄ ላይ ነበር። በማርያም ቀን መዶሻ ላለማንሳት ብዬ ሳልገጥምለት ሰደድኩት። አልነገርኩትም።»

ዕቃውን አነሳችና ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ለመግጠም ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር?»

«አንድ ሰዓት።»

ዕቃውን መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ ከጣቴ ላይ አላቀቀችና ከጭኔ ላይ ወሰደችው።