ከደጃፏ የተሣለው መንደር

ቬሬና ዙምሽታይን በበርን ከተማ ከአንድ ሥዕል አታሚ ዘንድ ቀለም ትቀባ ነበር። ተራራውና ሸለቆው በአሲድ ከተበላ የመዳብ ሰሌዳ በግራጫ ጥላ ብቻ ይታተማል፤ ሰማዩን ሰማያዊ፣ ሣሩን አረንጓዴ የሚያደርጉት እሷና ባልደረቦቿ ናቸው፤ በብሩሽ፣ ወረቀት በወረቀት።

በሚያዝያ ተራራ ተንዶ የተወለደችበትን መንደር ከነሰዉ ዋጠው። እናቷም እዚያው ቀረች፤ ሬሳዋ እንኳ አልተገኘም። ወር ሳይሞላ አታሚው ዓምና የተሣለውን የመንደሩን ሥዕል አወጣ። የጠፋውን አገር ለማየት ፈላጊው በዛ።

"አንቺስ ይቅርብሽ፤ እኔ እቀባልሻለሁ" አለቻት አጠገቧ የምትቀመጠው ዶሮቴያ።

"የጣሪያችንን ቀለም አንቺ ከየት አውቀሽው?" አለችና ወረቀቱን ሳበች።

ቤተ ክርስቲያኑ አለ። ወፍጮው አለ። የጎረቤት በረት ሳይቀር አለ። የእናቷ ቤት ግን የለም። መንገዱን በጣቷ ተከትላ ደግማ ፈለገች። የለም።

ሠዓሊው ሉቲ በሳምንቱ ብቅ ሲል፣ ገና በሩ ላይ ያዘችው።

"ጌታዬ፣ ቤታችን ምን በደለዎት? ለከብት በረት ቦታ አግኝተው ለእናቴ ቤት አጡ?"

"የቱ ቤት?"

"ከወፍጮው በላይ ያለው፣ ፖም ዛፍ የበቀለበት።"

ሉቲ ባርኔጣውን አወለቀ። "እሱንማ እንዴት ልሣለው፣ ልጄ? ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እኮ ነው የሣልሁት! እናትሽ በርጩማ አወጡልኝ፣ ወተት አጠጡኝ። 'እኔስ ሥዕሉ ውስጥ አልገባም?' ቢሉኝ፣ 'እርስዎማ ከጀርባዬ ነዎት' አልኋቸው። ሳቁ።"

"ሌላስ? ሌላስ ምን አለች?"

አቀረቀረ። "'ከተማ ቀለም የምትቀባ ልጅ አለችኝ፤ ካየኋት ሦስት ዓመቴ። ካገኘሃት፣ በረዶ ሳይጥል እንድትመጣ ንገራት' ብለውኝ ነበር። ረሳሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ረሳሁት።"

ቬሬና አልተቆጣችውም። በየበጋው "ሥራው ይቅለልና ለከርሞ" ትል የነበረችው እሷው ናት።

"ቢነግሩኝም አልሄድም ነበር" አለችው ቀስ ብላ።

የታተመውን ሁለት መቶ ወረቀት ሁሉ ብቻዋን ቀባች፤ ለማንም አላስነካችም። እናቷ ማለዳ በሯን ስትከፍት ታይ የነበረው ይህንኑ ነውና፣ በሣሩ ላይ የጠዋት ፀሐይ አሳረፈችበት።

የመጨረሻው በደረቀ ማግስት ወደ ሸለቆው ሄደች። ድንጋይ ብቻ ነው። ወፍጮው የት እንደነበር እንኳ መለየት አቃታት። ደጃፋቸው እዚህ ይሆናል ብላ በግምት አንድ ቋጥኝ መርጣ ተቀመጠችና፣ "እማ፣ መጣሁ" አለች።