አየሩን ራስህ ሳበው

ባሌ ዱሎ አኩርፎ ሊሞትብኝ ነበር። ሌላው ሰው በበሽታ ይሞታል፤ የኔው ጉድ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ያቀረብኩለትን ሩዝና ዓሣ በማንኪያ እየቆፈረ «በቃኝ» ይላል። ከጀልባ ላይ ኮምፕሬሰር በቀጭን የጎማ ቱቦ አየር እየነፋለት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከባሕር ሥር ዓሣ ሲወጋ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን የኮምፕሬሰሩ ሞተር ቀጥ አለና ከጥልቁ በአንድ ትንፋሽ ሽቅብ ወጣ። ከጥልቅ እንዲያ በጥድፊያ መውጣት ሰውነት ያሽመደምዳል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። በኛ መንደር እንዲህ የሆነው እሱ ብቻ አይደለም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁርጡን ነገረችኝ። «ክንዱና ደረቱ ካልሠራ ሳንባው ይታመማል፣ ጀርባው ይቆስላል። ያኔ እኔን እንዳትጠይቂኝ። ውሃ ውስጥ አስገቢው፤ ውሃው ይሸከመዋል» አለች። ለዱሎ ስነግረው «ባሕር የሚባል ነገር እዚህ ቤት አታንሺብኝ!» ብሎ ጮኸ። እሺ፣ አላነሳም። ግን መቼም እጄን አጣጥፌ አልቀብረውም!

ከኮኮናቱ እርሻ ወዲያ በድንጋይ የተከበበ ኩሬ አለን። ባሕሩ በድንጋዩ ሥር ሾልኮ ይገባል፤ ማዕበሉ ውጭ ይቀራል። እሑድ እሑድ ጎረምሳው ይንጫጫበታል፣ በሥራ ቀን ግን ማንም ዝር አይልበትም። ማክሰኞ ጠዋት የዱሎን ታናሽ ወንድም አኔስን ከነባጃጁ አስመጣሁት። አኔስ ደግሞ አፉ አያርፍም። ታላቅ ወንድሙን በኛ ወግ «ኖንግ» እያለ ነው የሚጠራው።

«ኖንግ፣ ዛሬ ሙሽራ ነህ፤ ልሸከምህ ነው» አለው።

«ወዴት?»

«ገላህን ልናጥብህ።»

«የእርሻ ጎሽ ነኝ እንዴ?»

«ጎሽማ ብትሆን ታመሰግን ነበር» አልኩት እኔ።

ወደ ኩሬው የሚወርደው ደረጃ ላይ፣ አኔስ ጀርባ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሁለታችንንም ከነዘር ማንዘራችን ሰደበን። አኔስ «ኧረ ኖንግ፣ የኔ ዘር እኮ ያንተም ዘር ነው!» ሲለው ጊዜ የኔን ዘር ብቻ ለይቶ ሰደበ።

ውሃው ጠርቶ ከሥር ያለው አሸዋ ሳይቀር ይታያል። ትንንሽ ሰማያዊ ዓሦች በድንጋዩ ጥግ ይርመሰመሳሉ። ዱሎ አንዴ አያቸውና ዓይኑን ዘወር አደረገ። ናፍቆት እንደሆነ ገባኝ፣ አንጀቴን በላው። ከእንግዳ ማረፊያው የተዋስኩትን የውሃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አወጣሁ።

«ይሄ የቱሪስት መጫወቻ ነው» አለ።

«እሺ፣ ተጫወትበታ!»

አኔስ ብብቱን ይዞ ቀስ ብሎ አስገባው። ዱሎ ቱቦውን ነከሰና ፊቱን ውሃ ውስጥ ደፋ። እኔ ዳር ቆሜ ጀርባውን እያየሁ ነው። አይንቀሳቀስም። ጠበቅኩ። ምንም። ድንገት እጁ ተነሳና ቱቦውን ሁለቴ ጎተተው። አኔስ ፊቱ አመድ መሰለ፤ በጠላቂዎች ዘንድ ጎማውን ሁለቴ መጎተት አየር ተቋረጠ ማለት ነው። አፈፍ አድርገን ቀና አደረግነው። እያሳለ፣ ዓይኑ ፈጦ «አየር የለውም! የተበላሸ ነው!» አለ።

ቱቦውን ተቀብዬ ነፋሁበት። ምንም አልሆነም።

«ዱሎ፣ ምን እየጠበቅክ ነበር?»

«አየሩን ነዋ!»

ለካ ያ ጎማ ዘመኑን ሁሉ አየር አፉ ውስጥ ሲገፋለት ኖሮ፣ አሁንም ነክሶ የሚነፋለትን ይጠብቃል! አኔስ በሳቅ ፈርሶ ሊጥለው ምንም አልቀረው። እኔም ልስቅ ነበር፣ ግን ዱሎ እያለቀሰ ነው።

«ሕፃን የሚያውቀውን እንኳ አላውቅም። አውጡኝ። ወስዳችሁ አስተኙኝ» አለ።

አሁን ካወጣነው አለቀ። ተመልሶ ግድግዳውን ሲያይ፣ እኔም የሱን ጀርባ ሳይ፣ ከዚያ ሬሳ ሳጥን። ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ። ፈራሁ፣ ፍርሃቴም ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«ስማ አንተ ሰውዬ! እዚህ የሚነፋልህ የለም። ሞተር የለም፣ ጀልባ የለም። እኔ ልተነፍስልህ ብችል ኖሮ ይሄን ሁሉ ጊዜ እተነፍስልህ ነበር። አልቻልኩም! አየሩን ራስህ ሳበው!»

አኔስ ሳቁን ዋጠ። ዱሎ ትክ ብሎ አየኝ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ቱቦውን መልሶ ነከሰና ፊቱን ደፋ።

መጀመሪያ ዝም። ከዚያ ከቱቦው አፍ ላይ ድምፅ መጣ። ገባ፣ ወጣ። ገባ፣ ወጣ። እመቤቴ፣ እንደዚያ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ጠዋት ማታ እንደ ግንድ የማገላብጣቸው እግሮቹ ማንም ሳይነካቸው ቀስ ብለው ተንሳፈፉ። ክንዱ ውሃውን አንዴ ቀዘፈ፣ ደገመ።

«አንተ አኔስ፣ ለምን ለቀቅከው!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ አልለቀቅኩትም፣ እሱ ነው የሄደው!»

ሄደ። ዳር ዳሩን ዞረ፣ ጉድጓድ ጉድጓዱን እያየ ቆየ። ከወዲያኛው ድንጋይ ሲደርስ ቀና ብሎ «ላፑላፑ ዓሣ አለ! ይሄን የሚያህል! እዚህ ሥር ተወትፎ ያፈጥብኛል!» አለ። ድምፁ የድሮው የዱሎ ድምፅ ነበር።

«እሰይ! ሰላም በልልኝ። በል አሁን ውጣ፣ ቆዳህ ተጨማደደ።»

«አልወጣም። አንቺ ግቢ።»

«እኔ? ዋና የት አውቄ!»

እውነቴን ነው። የጠላቂ ሚስት ሆኜ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም። ሥራዬ አሸዋው ላይ ቆሞ ጀልባ መጠበቅ ነበር።

እየቀዘፈ ወደ ዳር መጣና እጁን ዘረጋልኝ። «እኔ እይዝሻለሁ» አለ።

የማጥበው፣ የማለብሰው፣ የማገላብጠው ሰውዬ እኮ ነው! አኔስ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ከነቀሚሴ ገባሁ። ዱሎ ድንጋዩን ተደግፎ መነጽሩን ከራሱ አውልቆ አጠለቀልኝ፣ ላስቲኩ የያዘውን ፀጉሬን ቀስ ብሎ አላቀቀው። ውሃው ደረቴ ደረሰ። በአንድ እጁ እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘና በሌላው እየቀዘፈ ወደ ጥልቁ ጎተተኝ። እግሬን ከአሸዋው አነሳሁ።